የክረምት ሥራ፣ የክረምት መጽሐፍ

በገና ሰሞን መቆሚያ ቦታ የሚጠፋባት ላሊበላ ሐምሌ ሲገባ ጭር ትላለች። አስጎብኚው፣ የሆቴል አስተናጋጁ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ በር ጫማ የሚጠብቀው ልጅ፣ ሁሉም መስከረምን መጠበቅ ይጀምራል። ትምህርት ቤት የሚዘጋውም በዚሁ ጊዜ ነው። ጊዜ በሽ፣ ኪስ ባዶ! ማኅበራዊ ሠራተኛ እንደመሆኔ ክረምት የሚያሳስበኝ ለዚህ ነው።

ሶሲዮሎጂ ስማር የሁለተኛ ዓመት ክረምቴን ያሳለፍኩት እዚሁ ላስታ ነው። ጠዋት ጠዋት ስድስት የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ልጆችን ሒሳብና እንግሊዝኛ አስጠና ነበር፤ ከአንድ ልጅ በወር 100 ብር። በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ አንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ውስጥ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ። ሀብታም አላደረገኝም፤ ግን ለሳሙና፣ ለደብተር፣ ለመመለሻ ትራንስፖርት የማንንም ፊት አላየሁም። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲጀምር የኪራይ መጽሐፍ ይዤ ቤት እገባለሁ። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበብኩት ያን ጊዜ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት በዚህ ልብ ወለድ በዛብህ ከሰብለ ወንጌል ጋር የሚቀራረበው ሊያስተምራት ቤታቸው ገብቶ ነው። (የእኔዎቹ ተማሪዎች ግን የተቸገሩት በክፍልፋይ እንጂ በፍቅር አልነበረም።)

አሁን ወደ ገንዘቡ ልመለስ። ነሐሴ 16 አሸንድዬ ነው። ልጃገረዶች ከሳምንታት በፊት ስለ ቀሚሱ፣ ስለ ሹሩባው፣ ስለ ጌጡ ያወራሉ። በዓሉ ያምራል፣ ባህላችንም ነው። ችግሩ «ግድ የለሽም፣ እኔ እገዛልሻለሁ» የሚል በዕድሜ የገፋ ሰው ብቅ ሲል ነው። ቀሚሱ ይመጣል፣ ቀጥሎ ሞባይሉ፣ ከዚያ ቀጠሮው። በሥራዬ ያነጋገርኳቸው ልጆች ብዙዎቹ ስለ ኮንዶም የማያውቁት ነገር የለም፤ ግን ስጦታ ከተቀበሉ በኋላ «ያለ ኮንዶም አይሆንም» ለማለት አፋቸው ይያዛል። «አብረን እንመርመር» ማለትማ ጭራሽ! በ2010 ዓ.ም. በአገራችን ከተሞች በተካሄደ ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 64 ከሆኑት መካከል ቫይረሱ በደማቸው የተገኘው ከሴቶች 4.1 በመቶ፣ ከወንዶች 1.9 በመቶ ነበር። ለልዩነቱ የሰውነት ተፈጥሮም ድርሻ አለው፤ የኪስ ጉዳይ ግን ትልቅ ቦታ እንዳለው አምናለሁ።

ወንዶቹስ? ሥራ ፈትቶ ጠላ ቤት የሚያመሽ ልጅ ሞቅ ሲለው ኮንዶም ትዝ አይለውም። ያጋጠመው ሰው ወይም የተደፈረች ልጅ ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ ቫይረሱ እንዳይዝ የሚሰጠው መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው።

ሥራ ፈልጉ ስላችሁ ያገኛችሁት ሁሉ ውስጥ ግቡ ማለቴ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ መቅጠር ክልክል ነው። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለ ወጣት በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ እንዲሁም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ሊሠራ አይገባም። ስለዚህ «ማታ ማታ ቡና ቤት ታስተናግጃለሽ፣ ቲፑ ጥሩ ነው» የሚል ቀጣሪ ሲመጣ መልሱ ሕጉ ውስጥ አለ። ታናናሾችን ማስጠናት፣ አረም፣ ሱቅ መርዳት ይሻላል። ደመወዙ ስንት እንደሆነና መቼ እንደሚከፈል ከመጀመራችሁ በፊት ተነጋገሩ፤ የምትሠሩበትን ቦታ ቤተሰብ ይወቀው።

መጽሐፉን ደግሞ ለብቻ ከማንበብ ተሰብስቦ ማንበብ ይጥማል። እኛ አራት ሆነን አንድ መጽሐፍ ተከራይተን እንቀባበል ነበር። «ሰብለ ቀድማ ብትጠፋ ኖሮስ?» ብለን ስንከራከር ስለራሳችን የማንደፍረውን ሁሉ አወራን፤ ስለ ቤተሰብ ቁጣ፣ ስለ እሺታና እምቢታ። ስለ ሰብለ ማውራት ማንንም አያሳፍርም። ኪራይ ከከበዳችሁ የትምህርት ቤታችሁን ቤተ መጻሕፍት ተመልከቱ። በክረምት የሚዘጋ ከሆነም ሦስት አራት ሆናችሁ ርዕሰ መምህሩን በሳምንት ሁለት ጠዋት እንዲያስከፍቱላችሁ ጠይቁ፤ ሰኔ ሳይወጣ፣ ቁልፍ ያዡ እረፍት ሳይወጣ።