የበራፍ ብርሃንና የነጭ ጋቢ ጠባይ

ቤት ውስጥ በሚገኘው ብርሃን ብቻ፣ ተነሺው ሳይዘጋጅ፣ ቤተሰብን በዕለት ኑሮው ላይ እንዳለ ፎቶግራፍ ማንሣት በኢትዮጵያ ከሚገባው በታች የሚታይ ጥበብ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከመጣው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያንና የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺነቱን ከወረሱት ልጆቹ ጀምሮ የቤተሰብ ምስል ሲባል በሰው አእምሮ የሚመጣው፣ ለብሶና ተሰልፎ፣ ትንፋሽን ውጦ የተነሡት ነውና።

በዲማ ጊዮርጊስ አካባቢ እንደሚታዩት ባሉ፣ በጭቃ በተለሰኑና መስኮታቸው በጠበበ የጎጃም ደጋ ቤቶች ዋናው መብራት በሩ ነው። ከበሩ አንድ ሜትር ላይ ያለው ብርሃን ሦስት ሜትር ወደ ውስጥ ሲገቡ ከግማሽ እጅግ በታች ስለሚሆን፣ ተነሺው በሩን በጎኑ አድርጎ ቀረብ ቢል ፊቱ ከአንድ ወገን በርቶ ከሌላው ቀስ እያለ ወደ ጥላ ይገባል። በራፉ ላይ ተገትሮ የሚያነሣ ሰው ግን የቤቱን መብራት በገዛ ጀርባው ይጋርድና፣ ጨለማ ነው ብሎ ፍላሽ ያበራል። ሌላው ደግሞ ቤተሰቡን በስድስት ሰዓት ፀሐይ ወደ ደጅ ያወጣል፤ በደብረ ማርቆስ በሚያዝያ 9 እና በነሐሴ 20 አካባቢ የቀትር ፀሐይ በቀጥታ አናት ላይ ስለምትሆን፣ ዓይን በቅንድብ ጥላ ተውጦ ጉድጓድ ይመስላል።

የሌንስ ቀዳዳው ስፋት፣ የመዝጊያው ፍጥነትና አይሶ የተባለው የፊልሙ ወይም የዲጂታሉ ብርሃን ተቀባይነት የምስሉን ብርሃን የሚወስኑ የታወቁ ነገሮች ናቸው፤ በበሩ አጠገብ አይሶ 400፣ ቀዳዳ f/2 እና የሴኮንድ 1/60 ጥሩ መነሻ ነው።

ብዙ መታረም የሚያሻው፣ ጥቁር ፊት በደብዛዛ ቤት ውስጥ ፎቶ አይወጣለትም የሚለው አባባል ነው። የካሜራ ብርሃን መለኪያ የሚያየውን ሁሉ ከሚያርፍበት ብርሃን 18 በመቶ ያህሉን እንደሚመልስ መካከለኛ ግራጫ ይቆጥራል። ስለዚህ ነጭ ጋቢ የለበሱ እናት ምስሉን ሲሞሉት መለኪያው ጋቢውን ወደ ግራጫ ለማውረድ ብርሃኑን ይቀንሳል፤ ከጋቢው ጋር ፊታቸውም ይጠቁራል። እኚሁ እናት ጭስ ባጠቆረው ግድግዳ ፊት ራቅ ብለው ሲታዩ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፦ መለኪያው ጥላሸቱን ግራጫ ሊያደርግ ብርሃን ይጨምርና የጋቢው ጥለት ሳይቀር ነጥቶ ይጠፋል። በሁለቱም ጊዜ ስሕተቱ የመሣሪያውና መሣሪያውን በጭፍን ያመነው ሰው ሆኖ ሳለ ጥፋቱ በተነሺው ቆዳ ይላከካል። መፍትሔው መለኪያውን ጋቢም ጥላሸትም ላይ ሳይሆን ተነሺው የተቀመጠበት፣ ያው ብርሃን ያረፈበት የጭቃ መደብ ላይ አነጣጥሮ፣ የተገኘውን ልክ በእጅ ማጽናት ነው፤ የደረቀ ጭቃ ከነጭም ከጥቁርም መካከል ነውና።

ከዚህ በኋላ ፊልምና ዲጂታል ይለያያሉ። ብርሃንን በእጥፍ መጨመር ወይም በግማሽ መቀነስ አንድ ስቶፕ ይባላል፤ የኔጋቲቭ ፊልም አንድ ሁለት ስቶፕ ቢበዛበት ይታገሣል፣ ጥላ ውስጥ ብርሃን ካነሰው ግን በእጥበት የሚመለስለት የለም። ዲጂታል በአንጻሩ የጠቆረውን ኋላ ማንሣት ያስችላል፣ ነጥቶ የጠፋውን ጋቢ ግን አይመልስም። በዚህ ምክንያት ፊልም የያዘ ሰው ለፊቱ ሲል ትንሽ ያበዛል፣ ዲጂታል የያዘ ለጋቢው ሲል ትንሽ ያሳንሳል።

ሰው ካሜራን የሚረሳው በጊዜ ነው፤ በቡናው አቦል የተኮሳተሩ ፊቶች በረካው ሲደርስ ወደ ጨዋታቸው ይመለሳሉ። 36 ምስል ብቻ የሚይዘው ፊልም ይህን ትዕግሥት በግድ ያስተምራል። ዲጂታል የያዘው ግን በየጠቅታው ስክሪኑን ስለሚያይ፣ ልጆቹ ለማየት ሮጠው ይከቡትና ለሁለተኛው ምስል ፀጉራቸውን አስተካክለው ይሰለፋሉ፤ ስለዚህ በረካው ተጠጥቶ እስኪያልቅ ስክሪኑን ማጥፋት ይበጃል።