ሰንበት ፍልቀት ናትን? ካባላና የቤተ እስራኤል መጽሐፍ

ወንዛዬ ፍል ውኃ ወርደው ከሆነ፣ ውኃው ከምድር ሆድ ከየት እንደሚነሣ አላዩም። ያዩት የወጣውን ብቻ ነው፤ የወጣው ግን በውስጥ ካለው የተለየ ሌላ ውኃ አይደለም። የአይሁድ ምሥጢራዊ ትምህርት፣ ካባላ፣ ስለ እግዚአብሔር የሚያስተምረው በዚህ ዓይነት ሥዕል ነው። አእምሮ የማይደርስበትን አምላክ «ኤን ሶፍ» (ፍጻሜ የሌለው) ይለዋል። ከእርሱ ዐሥር «ሰፊሮት» ይፈልቃሉ፦ ከኬቴር (ዘውድ) ተነሥቶ በሖኽማ (ጥበብ)ና በቢና (ማስተዋል) አልፎ እስከ ዐሥረኛዋ ማልኹት (መንግሥት) ይወርዳል። እንደ ሰማይና ምድር የተፈጠሩ አይደሉም፤ የፈለቁ ናቸው። ታዲያ የአምላክ ባሕርይ ናቸው ወይስ የሚሠራባቸው ዕቃዎች? በዚህ ካባሊስቶቹ ራሳቸው ተከራክረዋል። ዋናው መጽሐፋቸው ዞሃር በስፔን የታየው በ13ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ነው፤ ማልኹትን ሼኪና ብሎ በሴት መልክ ያቀርባታል፤ ከሰንበትም ጋር ያገናኛታል።

ይህ ለደቡብ ጎንደር አገልጋይ ምኑ ነው? በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ከክሪሾና የመጡት ወንጌላውያን ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ መድፍ ሲሠሩ (እሱ ሌላ ታሪክ ነው)፣ ባልንጀራቸው ማርቲን ፍላድ ለቤተ እስራኤል ወንጌል ለማድረስ ይደክም ነበር። ዛሬም ከቤተ እስራኤል ጋር ስለ እምነት የሚነጋገር ሰው ሰንበት ሳትነሣ አይለያይም።

ጆሴፍ ሃሌቪ በ1902 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን የግዕዙን «ትእዛዘ ሰንበት» ያነበበ ተማሪ ይደነቃል። ሰንበት በዚያ እንደ ንጉሥ ልጅ ናት፤ መላእክት ያጅቧታል፤ ወደ ምድር ትወርዳለች፤ ስለ ኃጢአተኞች ትማልዳለች። «ይህችማ ማልኹት ናት!» ማለት ይቀልላል። አይደለችም። ቤተ እስራኤል ታልሙድንም ዞሃርንም ሳያውቁ፣ ኦሪትንና ኩፋሌን በግዕዝ እያነበቡ የኖሩ ሕዝብ ናቸው። ኩፋሌ መላእክት በሰማይ ሰንበትን እንደሚጠብቁ ይናገራል፤ ከዚያ ቀኑን እንደ ሰው አድርጎ እስከ መናገር ያለው መንገድ ሩቅ አይደለም። ከሁሉም በላይ ግን «ትማልዳለች» የሚለውን ቃል ልብ ይበሉ። የሚማልድ በሌላ ፊት ይቆማል። ምንጩና የፈለቀው ውኃ ግን እንዲህ ፊት ለፊት አይቆሙም።

ሰፊሮትን ለሥላሴ ማስረጃ ማድረግም የቆየ ፈተና ነው። ፒኮ ዴላ ሚራንዶላ በ1486 ካባላ የክርስቶስን አምላክነት ያረጋግጣል ብሎ ተነሣ። በ14ኛው መቶ ዘመን የነበሩት ረቢ ይስሐቅ ባር ሼሼት ግን አንድ ፈላስፋ «ክርስቲያኖች በሦስት ያምናሉ፣ ካባሊስቶች ደግሞ በዐሥር» እያለ ይነቅፍ እንደነበር ጽፈዋል፤ ነቀፋው ከአይሁድ ወገን መሆኑ ሊያስተምረን ይገባል። የምንጭ ሥዕል በራሱ ነውር የለበትም፤ ጠርጡሊያኖስም ስለ አብና ወልድ ሲናገር ምንጭንና ወንዝን ጠቅሷል። ልዩነቱ ደረጃው ላይ ነው። ሰፊሮት ከተሰወረው ወደ ቅርቡ እየወረዱ ይደረደራሉ። ወልድ ግን ዝቅ ያለ ደረጃ አይደለም፤ በ325 ኒቅያ የተወሰነው ይኸው ነው።

ስለዚህ ከቤተ እስራኤል ቄስ ጋር ሲቀመጡ ዞሃርን ከሻንጣዎ አያውጡ። የእርሳቸው ሰንበት የምታነሣው ጥያቄ በአምላክ ውስጥ ስንት አለ የሚል ሳይሆን በአምላክ ፊት ስለ እኛ ማን ይቆማል የሚል ነው። ለዚያ ዕብራውያን 7ን ይክፈቱ፤ ግን አስቀድመው ሰንበት ለእርሳቸው ምን እንደምታደርግላቸው ይጠይቋቸው።