ስንጥቅ ከጥግ ይጀምራል

ባለፈው በጋ ለአንድ ጉዳይ ወደ ታች አርማጭሆ ወርደን ሳንጃ ላይ ሁለት ቀን ሰንብተን ነበር። የሳንጃን ሙቀት የጎንደር ደጋ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል፤ ከቀትር በኋላ ጥላ ፍለጋ ገብተን የተቀመጥነው አንድ አዛውንት መካኒክ አሮጌ ላንድሮቨር ከሚያበጁበት ዳስ ውስጥ ነው። የመኪናው ባለቤት አዲስ ሬዲዮ ለማስገባት የፊቱን ላሜራ በአራት ማዕዘን አስቆርጦ ኖሮ፣ ከአንዱ ጥግ የተነሣ ስንጥቅ ጣት ያህል ሄዷል። መካኒኩ ትራፓናቸውን አንሥተው በስንጥቁ ጫፍ ላይ አንዲት ክብ ቀዳዳ በሱበት።

«ጋሼ፣ የተሰነጠቀውን ደግሞ ለምን ይበሱታል?» ብንላቸው፣ «እንዳይሄድ ነው ልጄ፤ ስንጥቅ ክብ ነገር ሲያገኝ ይቆማል» አሉን።

እኚህ ሰው በአንድ አፍ የተናገሩት ነገር በአይሮፕላን ሥራ ብዙ ነፍስ የጠፋበት ትምህርት ነው። በ1946 ዓ.ም. ኮሜት ከተባሉት የእንግሊዝ ጄት አይሮፕላኖች ሁለቱ በሦስት ወር ልዩነት በሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ተበታትነው ወደቁ። ብዙ ሰው ጥፋቱን በመስኮቶቹ ማዕዘን ያሳብባል፤ ነገር ግን ከባሕር የወጣው የመጀመሪያው አይሮፕላን ስብርባሪ ሲመረመር፣ መሰንጠቅ የጀመረው በጣራው ላይ ለአቅጣጫ ጠቋሚ ሬዲዮ አንቴና ከተከፈተው ቀዳዳ ጥግ ዘንድ ሆኖ ተገኘ። እዚያም ለመሣሪያ ሲባል የተቆረጠ ላሜራ ነበር ማለት ነው።

ይህን ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። አቶ አስመላሽ ዘፈሩ ኬ 570 ኤ ያሉትን አይሮፕላን ከፎልስዋገን መኪና በተገኘ ሞተር በገዛ እጃቸው ሠርተው፣ ሰኔ 2007 ዓ.ም. ሊያስነሡት ሞክረዋል። ያን ዕለት ባይነሣም፣ ከአንባቢዎቻችን መካከል ይህንኑ የሚያልም ተማሪ እንዳለ እንገምታለን። የሚያልመው ግን ስለ ክንፍና ስለ ሞተር ነው፤ ስለ መሣሪያ ሰሌዳው የሚጨነቅ ጥቂት ነው።

የዱሮው ሰሌዳ 79 ሚሊሜትር ያህል ስፋት ባላቸው ክብ ቀዳዳዎች የተበሳሳ ነበር፤ በቀዳዳዎቹ መካከልም በቂ ላሜራ ይቀራል። ዛሬ ፍጥነትን፣ ከፍታንና የአይሮፕላኑን ማዘንበል አንድ ባለ 7 ወይም ባለ 10 ኢንች መስታወት ስለሚያሳይ፣ የሰሌዳው እምብርት በሙሉ ይቆረጣል። ከዚህም የባሰ አለ። በብዙዎቹ በእጅ በሚሠሩ አይሮፕላኖች ከሰሌዳው ጀርባ የላይኛውን ቆርቆሮ ደግፎ የያዘ አጥንት ይገኛል፤ ረጅሙ የሬዲዮ ሣጥን ሲገባ የሚገጥመው ከእርሱ ጋር ነው። አጥንቱን ቆርጦ ዝም ማለት ቤት ሠርቶ ምሰሶ እንደ መንቀል ያለ ነው፤ የተቆረጠበትን ዙሪያ በድርብ ላሜራ ከብቦ በሪቬት ማሰር፣ ጭነቱንም ወደ ግራና ቀኝ ማሳለፍ ይገባል። የሬዲዮው ሣጥን ደግሞ ከፊቱ ብቻ ተንጠልጥሎ እንዳይንቀጠቀጥ ከኋላውም ይደገፋል። ጥጎቹ ሁሉ ክብ ሆነው በሞረድ ይለሰልሳሉ፤ የጭረት ምልክት እንኳ የስንጥቅ ዘር ነውና። በኮምፓሱ አጠገብ የብረት ብሎን አይገባም፤ ነሐስ ይሻላል። ሥራው ሲያልቅ አይሮፕላኑ እንደ ገና ይመዘናል። እኛ ብንጠየቅ፣ ኤሌክትሪክ የጠፋ ለታ እንዲያገለግሉ አንድ ክብ የፍጥነትና አንድ ክብ የከፍታ መለኪያ እናስቀር ነበር።

አንዲት አይሮፕላን ብቻ ከዚህ ሁሉ ነጻ ትሁን። በ1928 ዓ.ም. ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበርና ኢትዮጵያውያን ባልደረቦቹ የሠሯት፣ ጣሊያን ወስዷት ጥር 2016 ዓ.ም. የተመለሰችው «ፀሐይ» ናት። የእርሷን ሰሌዳ ለዘመናዊ መስታወት ሲል የሚቆርጥ ሰው ቢመጣ ትራፓኑን ከእጁ እንነጥቀዋለን።

ይህን ሁሉ ለሳንጃው መካኒክ ስናጫውታቸው፣ «ለመሆኑ የዚያ ሰሌዳ ውፍረቱ ስንት ነው?» አሉን። ብዙውን ጊዜ አሉሚኒየም ሆኖ 1.6 ሚሊሜትር ያህል መሆኑን ነገርናቸው። የአውራ ጣታቸውን ጥፍር ትኩር ብለው አዩና፣ «ታዲያ ሰው በዚህ ላይ ሞረድ ሳያሳልፍ ይበራል?» ብለው ወደ ላንድሮቨራቸው ተመለሱ።