ሐምሌ ሲገባ የሚለቀቁ ክፍሎች

ደብረ ታቦር ውስጥ የኪራይ ገበያ የሚሞቀው መስከረም ላይ ነው። ከፋርጣና ከጉና ገጠር የሚመጡ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ፍራሽና ስንቃቸውን ይዘው በር ያንኳኳሉ፤ አዲስ የተመደበው መምህርና ነርስም ደላላ ይጠይቃሉ። የዩኒቨርሲቲው መደበኛ ተማሪ ግን ማደሪያው በአብዛኛው እዚያው ግቢ ውስጥ በመሆኑ፣ ከተማው እንደሚያስበው ያህል የሰርቪስ ተከራይ አይደለም።

አከራዩስ ማን ነው? «ባለሀብት» የሚለው ስም አይመጥነውም። ብዙ ጊዜ ባሏ የሞተባት ወይም የፈታች፣ ጠላ እየጠመቀች ልጆች ያሳደገች፣ ከዋናው ቤት ጀርባ በባሕር ዛፍና በጭቃ ሦስት አራት ክፍል ያቆመች እናት ናት። ከተከራዮቿ ጋር አንድ ውሃ ትቀዳለች፣ አንድ ሽንት ቤት ትጠቀማለች። ጠብ ሲነሳ ጠቡ የጓሮ ነው።

እንዲህ ያለችው አከራይ ቀድማ የምትጠይቀው «ስንት ላከራየው?» ብላ ነው። ለምሳሌ አራት ክፍል እያንዳንዳቸው በ1,500 ብር ቢያዙ በዓመት 72,000 ብር ይመጣል። ተማሪዎቹ ሰኔ መጨረሻ ለቀው ሐምሌና ነሐሴ ባዶ ከዋሉ 60,000 ይቀራል። አሁን በየክፍሉ 100 ብር ትጨምር፤ በአሥሩ ወር የምታገኘው 4,000 ነው። በጭማሪው ምክንያት አንዱ ክፍል መስከረም፣ ጥቅምትና ኅዳርን ፆሙን ቢያድር የምታጣው 4,500 ነው። ስለዚህ ዋጋውን ከመስቀል ይልቅ ጥሩ ተከራይን አለመልቀቅ ያዋጣል። ቆርቆሮው የሚያፈሰውና ግድግዳው የሚርሰውም ኪራዩ በተቋረጠበት ክረምት ነው፤ ለጥገና የሚሆን ገንዘብ ከግንቦት በፊት መቀመጥ አለበት።

ከዋጋ ቀጥሎ ግቢ የሚያውከው መብራት ነው። «ምጣድ አይቻልም» የማይል አከራይ ጥቂት ነው፤ ምክንያትም አለው። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ እንደ ፍጆታው መጠን በደረጃ የተከፈለ ነው፤ ብዙ በተጠቀሙ ቁጥር የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋም ይወደዳል። አራት አባወራ በአንድ ቆጣሪ ሲገባ ሁሉም ወደ ውዱ ደረጃ ይወጣል፤ አንዲት አምፖል ብቻ ያላት ተማሪም የምጣዱን ዋጋ ትጋራለች። ለየክፍሉ ንባቡን ብቻ የሚያሳይ ትንሽ ቆጣሪ ማስገባት ደረጃውን ባይቀንስም ክርክሩን ያሳጥራል።

ሕጉ ደግሞ ተለውጧል። በመጋቢት 2016 የጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ኪራዩም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል ያዛል። አዋጁ ሲታሰብ ፊት ለፊት የነበረችው አዲስ አበባ መሆኗ ያስታውቃል። ሰኔ ላይ አገሩ ለሚገባ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ የሁለት ዓመት ውል ምኑ ነው? ሆኖም ቁም ነገሩ ትክክል ነው፤ ያለ ወረቀት የወጣ ተከራይ የተወውን ውዝፍ ማስመስከር ከባድ ነው። የኪራይ ገቢ ግብርም አለ፤ በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ሠንጠረዥ «ለ» ሥር ይወድቃል፤ የሒሳብ መዝገብ ለማይዝ አከራይም ለጥገናና ለእርጅና ከገቢው የተወሰነ ድርሻ እንዲቀነስ ሕጉ ፈቅዷል። ይህን ባለማወቅ ከግብር የሚሸሸው ብዙ ነው።

የቀድሞ ሰዎች ወረቀት መፍራታቸው ያለ ነገር አልመጣም። ሐምሌ 19 ቀን 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ ተላለፉ። ሁለተኛ ቤት ማስመዝገብ መወረስ የሆነበት ትውልድ ለልጆቹ ያወረሰው ምክር «ዝም በል» የሚል ነው።

ከዚህ ሁሉ የከበደው ግን ጦርነት ነው። በሰሜኑ ጦርነት፣ በነሐሴ 2013 የነፋስ መውጫ ከተማ ስትያዝ ደብረ ታቦር ተፈናቃይ ተቀበለች፤ ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው ግጭት ደግሞ ብዙ ትምህርት ቤት ተዘጋ። ተማሪ ከሌለ መስከረምም እንደ ሐምሌ ነው፤ ይህን የትኛውም የውል አንቀጽ አይሸፍነውም።

በአከራይዋ እጅ ያለው ውሉ ነው። ክፍሉ ውስጥ ስንት ሰው ያድራል (ሦስት ብለው ገብተው ስድስት የሚሆኑ ተማሪዎች ብርቅ አይደሉም)? የመብራቱ ድርሻ በምን ይሰላል? በሩና መስኮቱ ሲሰጥ እንዴት ነበር? ተማሪውን በሚመለከት ደግሞ አንድ ነገር ይጨመር፤ ክፍሉ ለመስከረም እንዲቆይለት ከፈለገ የክረምቱን ግማሽ ኪራይ ይክፈል፣ ካልፈለገ ሰኔ 30 ቁልፉን ያስረክብ። ይህ መነጋገር ያለበት ስንቁ ከመራገፉ በፊት፣ ልጁን ያመጣው አባት ወይም አጎት እዚያው ቆሞ ሳለ ነው።