ሼፈርድስ ቡሽ፦ ጡቡን የሚጠብቅ ሕግ ገበያተኛውንስ ይጠብቃል?

በምዕራብ ለንደን የሚገኘው ሼፈርድስ ቡሽ ስያሜው “የእረኛ ቁጥቋጦ” እንደ ማለት ነው። አንዳንዶች ስሙን በጎቻቸውን ወደ ስሚዝፊልድ ገበያ ሲነዱ በመስኩ ላይ ያርፉ ከነበሩ እረኞች ጋር ያያይዙታል፤ ሌሎች ደግሞ ከአንድ ሰው ስም የመጣ ነው ይላሉ። ያም ሆነ ይህ፣ 3 ሄክታር ያህል ስፋት ያለው ባለ ሦስት ማዕዘን መስክ ዛሬም በሠፈሩ መካከል አለ። ዙሪያውን የከበበው ግን ሌላ ዓለም ነው። እ.ኤ.አ. በ1900 የምድር ውስጥ ባቡር ደረሰ። በ1903 በፍራንክ ማቻም የተነደፈው ኢምፓየር ቴአትር ተከፈተ። በ1914 ገደማ ከባቡር ሐዲዱ ድልድይ ሥር ገበያ ቆመ። በ2008 ደግሞ ግዙፉ የዌስትፊልድ የገበያ ማዕከል ሥራ ጀመረ።

መስኩና በዙሪያው ያሉት ሕንፃዎች ዛሬ በሕግ “የቅርስ ጥበቃ አካባቢ” ተብለው ተከልለዋል። እንዲህ ያለው ክለላ ምን ይጠብቃል? ምንስ ሳይጠብቅ ያልፋል? በምክክሩ ወቅት የነዋሪው ቃል ክብደት የሚኖረውስ የት ላይ ነው? እነዚህ ጥያቄዎች በለንደን ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ብቻ ሳይሆን፣ በሐረር፣ በጎንደርም ሆነ በአዲስ አበባ ለሚኖር ሰው ቅርብ ናቸው።

ከአንድ ሕንፃ ወደ መላው ሠፈር

ብሪታንያ ለረዥም ጊዜ ስትጠብቅ የኖረችው አንድ በአንድ የተመዘገቡ ሕንፃዎችን ነበር። ይሁን እንጂ አንድ ቤት ብቻውን ቆሞ ዙሪያው ሲፈርስ፣ ቤቱ ትርጉሙን እንደሚያጣ ልምድ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1967 የወጣው ሕግ መላውን ሠፈር፣ ከነመንገዱ፣ ከነዛፉና ከነክፍት ቦታው መከለል የሚቻልበትን መንገድ ከፈተ። በዚያው ዓመት የሊንከንሻየሯ የስታምፎርድ ከተማ የመጀመሪያዋ ሆነች። ዛሬ በእንግሊዝ ከትናንሽ የገጠር መንደሮች እስከ ታላላቅ ከተሞች ድረስ 10 ሺህ ያህል እንዲህ ያሉ አካባቢዎች አሉ።

አሁን በሥራ ላይ ያለው የ1990 ሕግ መመዘኛውን በአጭሩ ያስቀምጣል፦ አካባቢው የተለየ የሥነ ሕንፃ ወይም የታሪክ ፋይዳ ያለው፣ ጠባዩ ወይም ገጽታው ሊጠበቅ ወይም ሊሻሻል የሚገባው መሆን አለበት። “ጠባይ” የሚለው ቃል ረቂቅ ቢመስልም ባለሙያዎች የሚያጠኑት በሚቆጠርና በሚለካ ነገር ነው። የቤቶቹን ዕድሜ፣ የጡቡን ዓይነትና ቀለም፣ የጣሪያውን ቅርጽ፣ የመንገዱን ስፋት፣ የዛፎቹን አቀማመጥ፣ ከየትኛው ማዕዘን ምን እንደሚታይ እየመዘገቡ የአካባቢውን ወሰን በካርታ ላይ ያሰምራሉ።

ክለላው ሲጸድቅ በለንደን ጋዜትና ቢያንስ በአንድ የአካባቢው ጋዜጣ ይታወጃል። ከዚያ በኋላ ከጥቃቅኖቹ በስተቀር ማንኛውንም ሕንፃ ያለ ፈቃድ ማፍረስ ወንጀል ይሆናል። ግንዱ ከመሬት 1.5 ሜትር ከፍታ ላይ ሲለካ ከ75 ሚሊ ሜትር በላይ ውፍረት ያለውን ዛፍ ለመቁረጥ ወይም ለመከርከም የሚሻ ሰው፣ በቅድሚያ ለምክር ቤቱ የ6 ሳምንት ማስታወቂያ መስጠት ይኖርበታል።

ምክክሩ ሕጋዊ ጉልበት የሚያገኘው የት ነው?

ብዙዎች የማያውቁት አንድ ነጥብ አለ። በእንግሊዝ ሕግ አንድን አካባቢ ከመከለል በፊት ሕዝብን ማማከር ግዴታ አይደለም። ምክር ቤቶች በአብዛኛው ረቂቁን አውጥተው አስተያየት የሚቀበሉት መልካም አሠራር ስለ ሆነ ነው። ግዴታው የሚመጣው ከክለላው በኋላ ነው። ምክር ቤቱ አካባቢውን እንዴት እንደሚጠብቅና እንደሚያሻሽል ዕቅድ አውጥቶ፣ በዚያው አካባቢ በሚደረግ ሕዝባዊ ስብሰባ ላይ ማቅረብ፣ በስብሰባው የተገኙ ሰዎች የሰጡትንም አስተያየት ከግምት ማስገባት አለበት።

የምክክሩ ውጤት የኪስ ጉዳይም ነው። የለንደን ስኩል ኦፍ ኢኮኖሚክስ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት ጥናት፣ ከ1995 እስከ 2010 የተካሄዱ ከአንድ ሚሊዮን በላይ የቤት ሽያጮችን መርምረዋል። በተከለሉ አካባቢዎች ያሉ ቤቶች በአማካይ በ23 በመቶ ገደማ በሚበልጥ ዋጋ ሲሸጡ፣ የቦታውንና የቤቱን ልዩነት ቀንሰው ሲያሰሉትም ብልጫው 9 በመቶ ያህል ሆኖ ተገኝቷል። ይህ ለባለቤቱ ብሥራት ነው። ለተከራዩ ግን የዋጋ መወደድ ሌላ ትርጉም ሊኖረው ይችላል፤ ሕጉ የመስኮቱን ቅርጽ እንጂ የኪራዩን ልክ አይቆጣጠርምና።

የገበያው ክርክር

ይህ ክፍተት በሼፈርድስ ቡሽ ገበያ ላይ በግልጽ ታይቷል። ጉዳዩ የቅርስ ክለላ ሳይሆን የመሬት ግዢ ነበር፤ የጥያቄው ሥር ግን አንድ ነው። የሃመርስሚዝና ፉልሃም ምክር ቤት ገበያውን ለማደስና 200 ያህል መኖሪያ ቤቶችን ለማስገንባት በወጣ ዕቅድ፣ ገበያውንና በጎልድሆክ መንገድ ያሉ ሱቆችን በሕግ አስገዳጅነት ለመግዛት ተነሣ። ነጋዴዎቹ ተቃወሙ፤ ጉዳዩም በይፋ ተመረመረ።

መርማሪው የነጋዴዎቹን ቃል ከሰማ በኋላ ግዢው እንዳይጸድቅ ሐሳብ አቀረበ። የመርማሪው ስጋት ስለ ጡብና ጣሪያ አልነበረም። ከብዙ ሕዝቦች የመጡ ነጋዴዎች በየግላቸው የሚሠሩበት የገበያው ጠባይ ከእድሳቱ በኋላ እንደሚዘልቅ በቂ ዋስትና አልተሰጠም የሚል ነበር። ሚኒስትሩ በ2014 ይህን ምክር ወደ ጎን ትተው ግዢውን አጸደቁ። ነጋዴዎቹ በከፍተኛው ፍርድ ቤት ቢረቱም ተስፋ አልቆረጡም። በመጋቢት 2016 የይግባኝ ፍርድ ቤት ፈረደላቸው። የፍርዱ ፍሬ ነገር ሚኒስትሩ ከመርማሪው መለየት አይችሉም የሚል አይደለም፤ ዋስትናው በቂ ነው ያሉበትን ምክንያት በሚገባ አላስረዱም የሚል ነው። በይፋ የተመዘገበ የነጋዴ ቃል ያለ በቂ መልስ ሊታለፍ አልቻለም።

ከለንደን ወደ ሀገር ቤት

በኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209፣ የማይንቀሳቀሱ ቅርሶች ተሰባስበው የሚገኙበትን ቦታ የሚኒስትሮች ምክር ቤት እንዲከልል ይፈቅዳል። ከ2006 ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበችው የሐረር ጁገል 82 መስጊዶችና 102 አድባራት እንዳሏት ተቆጥሯል። ነገር ግን ጁገልን ጁገል የሚያደርጋት ቁጥሩ ብቻ አይደለም፤ በግንቡ ውስጥ ዛሬም ሰው ይኖራል፣ ይነግዳል፣ ይጸልያል። በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት የፒያሳ ነባር ሠፈሮች በ2024 ሲፈርሱም የተነሣው ክርክር ከዚሁ ጋር ይገናኛል። አንድን የታወቀ ሕንፃ አስቀርቶ ዙሪያውን ማንሣት፣ የሠፈሩን ትዝታና ማኅበራዊ ኑሮ ይጠብቃል ወይ የሚለው ጥያቄ በፒያሳም በሼፈርድስ ቡሽም አንድ ነው።

ለዚህም ነው በምክክር ላይ የሚሰጥ አስተያየት ዝርዝር መሆን የሚገባው። “ሠፈራችንን እንወደዋለን” ማለት እውነት ቢሆንም፣ ውሳኔ ሰጪው መልስ ሊሰጥበት የሚገደድ ነጥብ አይደለም። የትኛው ሱቅ ስንት ዓመት እንደቆየ፣ ማን እንደሚገለገልበት፣ የቱ ዛፍ ለማን ጥላ እንደሆነ፣ ወሰኑ በየትኛው መንገድ ላይ ለምን መዘርጋት እንዳለበት፣ ከፎቶግራፍና ከሰነድ ጋር በጽሑፍ ማስመዝገብ ግን ጉልበት አለው። በእንግሊዝ ሕግ በስብሰባው የተገኘ ሰው አስተያየቱ ከግምት የሚገባለት የቤት ባለቤት በመሆኑ ሳይሆን፣ በቦታው ተገኝቶ በመናገሩ ነው። ተከራዩም፣ መንገድ ዳር የሚነግደውም ይህ መብት አላቸው።