ከቤት ከወጣች እስከ ፍርድ

አይከል በጎንደር–መተማ መንገድ ላይ፣ ከጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ትገኛለች። ለነጋዴውና ለሰሊጥ አጨዳ ለሚወርደው ወጣት የተለመደ መንገድ ነው። ባሏ የደበደባት፣ ልጅ ያዘለች፣ መቀነቷም ባዶ የሆነ ሴት ግን ለመኪና የምትከፍለው አጥታ ወደዚያው ቤት ልትመለስ ትችላለች። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል የቀጠለው ጦርነትም ጉዞውን አክብዶባታል።

ሕጉ ለእሷ ይቆማል። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም የኃይል ድርጊትን ያስቀጣል። የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995፣ የጋራ ንብረት እኩል እንዲካፈል ያዛል። በዚያው ዘመን መሰጠት የጀመረው የመሬት ይዞታ ደብተርም የባልና የሚስትን ስምና ፎቶግራፍ አብሮ ይይዛል።

ሆኖም በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው፣ አግብተው ከሚያውቁ ሴቶች 34 በመቶው ከባል ወይም ከአጋር አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች እርዳታ የጠየቁት 23 በመቶ ብቻ ናቸው። ፍርሃቱን፣ ሐፍረቱንና የዘመድ ጫናውን ማስወገድ ብዙ ዓመት ይፈጃል። የገንዘቡን ችግር ግን ዛሬውኑ ማቃለል ይቻላል።

ወጪውን እንቁጠር። የሐኪም ማስረጃ አለ፤ ራፖር ጸሐፊ፣ ፎቶ ኮፒ፣ የምስክሮች መጓጓዣና ምሳ አለ። አከራይ ቅድሚያ ክፍያ ይጠይቃል፤ ልጆች በየቀኑ ይበላሉ። ችሎቱ ከቀጠሮ ወደ ቀጠሮ ሲሄድ፣ ግማሹ የእሷ የሆነው ከብት በባሏ እጅ ነው። ሽማግሌዎች ሲያስታርቁ “እሺ” የምትለው ማደሪያ ስላጣችም ጭምር ነው።

በ1987 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። የቀድሞዋ ዳኛ ማሪያ ሙኒር በ1990ዎቹ የመሠረቱት የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበርም መጠለያዎች ከፍቶ ብዙዎችን ታድጓል። ነገር ግን መጠለያ ለሁሉም አይዳረስም፤ እህቷ ዘንድ ማደር የምትችል ሴት ደግሞ የሚያስፈልጋት የመንገድና የጥቂት ወራት ስንቅ ነው።

ሌሎች አገሮች እንዲህ ያለውን የገንዘብ ድጋፍ ሞክረውታል። አውስትራሊያ ከጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ከጥቃት ለሚሸሹ እስከ 5,000 የአገሯን ዶላር ድጋፍ ሰጥታለች፤ ከዚህ ውስጥ እስከ 1,500 የሚደርሰው በጥሬ ገንዘብ ነበር። እንግሊዝ በግንቦት 2015 ዓ.ም. በጀመረችው ሙከራ 250 ፓውንድ፣ ልጅ ላላት ወይም ለነፍሰ ጡር 500 ፓውንድ በአንድ ጊዜ ከፍላለች። ጥሬ ገንዘቡን በምን ላይ እንደምታውል የምትወስነው ተቀባይዋ ናት።

የእኛ መጠን ያንሳል፤ አሠራሩ ግን አይከል በምትገኝበት በጭልጋ ወረዳም ይሆናል። የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤቱ አነስተኛ ፈንድ ይያዝ፤ ዕድሮችና በውጭ ያሉ ተወላጆች ያዋጡ። ውሳኔው በዕለቱ ይሰጥ፤ ክስ መመሥረት ቅድመ ሁኔታ አይሁን። ስልኩ በባል እጅ ሊሆን ስለሚችል ገንዘቡ በእጇ ይሰጣት፤ ስሟም በምሥጢር ይያዝ። ብድር አይሁን፤ ዕዳ ሌላ ሰንሰለት ይሆንባታል።

“ይህ ትዳር ያፈርሳል” የሚሉ ይኖራሉ። መልሱ ቀላል ነው፤ በሰላም የምትኖር ሴት ለመኪና መሳፈሪያ ስትል ቤቷን አትጥልም። ግማሽ ንብረት የሰጣት ሕግ እስከ ፍርዱ ቀን የምትቆይበትን ካልሰጣት መብቷ ወረቀት ላይ ይቀራል። የወረዳው ምክር ቤት በመጪው በጀት ይህን መስመር ሊከፍትላት ይገባል።