ብዙ መሽናትና ብዙ መጽዳት

“ቢራ ኩላሊት ያጥባል” ሲባል ያልሰማ የለም። ሁለት ጠርሙስ የጠጣ ሰው በየሩብ ሰዓቱ ወደ መጸዳጃ ሲመላለስ፣ ሽንቱም እንደ ምንጭ ውሃ ጠርቶ ሲያየው ኩላሊቱ የታጠበ ይመስለዋል። ከሽንቱ ጋር ምን እንደወጣ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። የሽንት ፍሰት ሲጨምር ዩሪያ አንድ ዓይነት ጠባይ ያሳያል፤ ሶዲየም ሌላ፤ ፖታሲየም ደግሞ ከሁለቱም የተለየ።

ኩላሊቶች ከጎድን አጥንት ሥር በጀርባ በኩል የተቀመጡ፣ እያንዳንዳቸው ጭብጥ የሚያክሉ ጥንድ አካላት ናቸው። ልብ በየደቂቃው ከሚረጨው ደም አንድ አምስተኛ ያህሉ ወደ እነርሱ ይሄዳል። በእያንዳንዱ ውስጥ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ ኔፍሮን የሚባሉ ረቂቅ ማጣሪያዎች አሉ። በአንድነት በደቂቃ 125 ሚሊ ሊትር፣ በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም ያጣራሉ። ጤነኛ ሰው በቀን የሚሸናው ግን ከ1 እስከ 2 ሊትር ነው፤ የቀረው ረጅሙን ቱቦ ሲያልፍ ወደ ደም ይመለሳል። ብዙ ውሃ ስንጠጣ የሚጣራው መጠን እምብዛም አይለወጥም። የሚለወጠው የሚመለሰው ውሃ ነው።

አንድ ሊትር ውሃ የጠጣ ሰው ደሙ በጥቂቱ ይቀጥናል። አንጎል ይህችን ለውጥ ወዲያው ያውቃትና ቫሶፕሬሲን የተባለውን ሆርሞን መልቀቁን ይቀንሳል። ሆርሞኑ ሲኖር በሰብሳቢ ቱቦዎች ግድግዳ ላይ አኳፖሪን የሚባሉ የውሃ በሮች ይደረደራሉ፤ ውሃውም በእነርሱ በኩል ወደ ደም ይመለሳል። ሆርሞኑ ሲቀንስ በሮቹ ከግድግዳው ይነሣሉ፤ ውሃው መመለሻ አጥቶ ወደ ፊኛ ይወርዳል። አሜሪካዊው ፒተር አግሬ እ.ኤ.አ. በ2003 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን የተካፈለው እነዚህን በሮች በማግኘቱ ነው። አልኮልም ይህንኑ ሆርሞን ያፍናል፤ ቢራ ጠጪውን የሚያመላልሰው ከፈሳሹ ብዛት በተጨማሪ ይኸው ነው።

ወደ ዩሪያ እንምጣ። ሥጋም ይሁን ሽሮ፣ የበላነው ፕሮቲን ሲፈርስ መርዛማ አሞኒያ ይፈጠራል፤ ጉበት ይህን ወደ ዩሪያ ይለውጠዋል። ዩሪያ ትንሽና ሰርጎ የሚገባ ሞለኪውል ነው። ከተጣራ በኋላ በቱቦው ውስጥ ያለው ውሃ እየተመለሰ ሲሄድ ዩሪያው ይጠራቀማል፤ ሲጠራቀም ደግሞ ወደ ሳሳበት፣ ወደ ደም፣ መልሶ ይሰርጋል። የተጠቀጠቀ ታክሲ እያዘገመ ሲሄድ በየፌርማታው “ወራጅ አለ” ይበዛል፤ ሰፋ ብሎ ሲበር ግን የተሳፈረው ሁሉ መጨረሻው ድረስ ይሄዳል። ዩሪያም እንዲሁ ነው፤ ሽንቱ ሲበዛ የሚያመልጠው ይበዛል።

ይህን በቁጥር ያስቀመጡት በኒውዮርኩ የሮክፌለር ኢንስቲትዩት ሆስፒታል ይሠሩ የነበሩት ሞለር፣ ማኪንቶሽና ቫን ስላይክ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1928 ባሳተሙት ጥናት፣ ሽንት በደቂቃ ከ2 ሚሊ ሊትር በላይ ሲወርድ ኩላሊት በየደቂቃው 75 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ከዩሪያ እንደሚያጸዳ አሳዩ። ፍሰቱ 1 ሚሊ ሊትር ሲሆን ጽዳቱ 54 ይሆናል፤ ግማሽ ሚሊ ሊትር ሲሆን በቀመራቸው መሠረት ወደ 38 ይወርዳል። ከ2 ሚሊ ሊትር በላይ ግን ፍሰቱ በሦስትና በአራት እጥፍ ቢጨምር እንኳ ጽዳቱ ከቦታው እምብዛም አይነቃነቅም።

ጉበት የሚሠራው ዩሪያም በጠጣነው ውሃ ልክ አይቀንስም። ብዙ የጠጣ ሰው ለጥቂት ጊዜ ተጨማሪ ዩሪያ ያወጣል፤ በደሙ ያለው መጠን በትንሹ ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ የሚወጣው ከሚሠራው ጋር ይተካከላል። ተመልሶ የሚሰርገውም ዩሪያ ከንቱ አይደለም። በኩላሊት ውስጠኛ ክፍል ተከማችቶ ውሃ ለመሳብ ያግዛል፤ ኩላሊት በጥማት ጊዜ ሽንትን አወፍሮ ውሃ የሚቆጥበው በዚህ ጭምር ነው።

የጨው ነገር ሌላ ነው። በቀን በሚጣራው 180 ሊትር ውስጥ አንድ ኪሎ ተኩል የሚጠጋ የገበታ ጨው አለ። በሽንት የሚወጣው ግን በበላነው ልክ ነው፤ በቀን አሥር ግራም ለሚበላ ሰው አሥር ግራም ገደማ። ከተጣራው ሶዲየም ሁለት ሦስተኛ ያህሉ በቱቦው መጀመሪያ፣ ሩቡ ደግሞ የሄንሌ እጥፋት በሚባለው ክፍል ይመለሳል፤ የመጨረሻዋን ጥቂት ድርሻ በዋናነት የሚቆጣጠረው አልዶስትሮን የተባለ ሆርሞን ነው። ሶዲየምን የሚመልሱት ጉልበት የሚበሉ ፓምፖች ናቸው፤ ትእዛዝ የሚቀበሉትም ከሆርሞን ነው። ስለዚህ ውሃ ጠጥቶ ሽንቱ አሥር እጥፍ የበዛለት ሰው የጨው ወጪው ያን ያህል አይጨምርም። ያው ጨው በብዙ ውሃ ቀጥኖ ይወጣል።

ነገሩ የሚገለበጠው በሽንቱ ውስጥ የቀረ ነገር ውሃውን ጎትቶ ሲያወጣ ነው። የደም ስኳር በዴሲ ሊትር ከ180 ሚሊ ግራም ገደማ ሲያልፍ ቱቦው ስኳሩን ሁሉ መመለስ ያቅተዋል። የቀረው ስኳር ውሃውን ይይዛል፤ ሶዲየሙም ቀጥኖና ቸኩሎ ስለሚያልፍ ፓምፖቹ አይደርሱበትም። ስኳሩ ከፍ ያለበት ሰው ውሃም ጨውም አጥቶ የሚዝለው ለዚህ ነው። ብዙዎች ላሲክስ የሚሉት ፉሮሴማይድም የሄንሌን ፓምፕ ይዘጋል፤ ጨዉ ውሃ አስከትሎ ይወርዳል። እግሩ ያበጠ የልብ ሕመምተኛ ኪኒኑን ሲውጥ የሚቀልለው ጨው ስለወጣለት ነው፤ ውሃ ጠጥቶ ያንኑ ያህል ቢሸና እብጠቱ አይጎድልም።

ፖታሲየም በመጨረሻው የቱቦ ክፍል ከሕዋሳት ወጥቶ ወደ ሽንት ይጨመራል። ፈጣን ፍሰት የወጣውን ጠርጎ ሲወስድ ሌላው ይከተላል። ፉሮሴማይድ የሚወስድ ሰው ፖታሲየሙ የሚጎድለው በከፊል በዚህ ነው፤ ሲጎድል ጡንቻ ይደክማል፣ የልብ ምት ይዛባል። ተራ ውሃ ሲጠጣ ግን የቫሶፕሬሲን መቀነስ የፖታሲየሙን መውጣት ስለሚገታ ሒሳቡ ይካካሳል።

የዩሪያ ጠባይ ከአንዲት የላቦራቶሪ ወረቀት ላይም ይነበባል። ተቅማጥና ትውከት ያደረቀው ሰው ሲመረመር የዩሪያ ናይትሮጅንና ክሬአቲኒን ጎን ለጎን ይጻፋሉ። ከጡንቻ የሚመጣው ክሬአቲኒን ከተጣራ ወዲያ ወደ ደም አይመለስም፤ ዩሪያ ግን ሽንቱ ጥቂትና ወፍራም ስለሆነ በብዛት ይመለሳል። የመጀመሪያው 50፣ ሁለተኛው 1.4 ቢሆን ጥምርታቸው ከ20 ይበልጣል፤ ሐኪሙም ከኩላሊቱ ጉዳት በፊት የፈሳሽ እጥረትን ይጠረጥራል። የጨጓራ መድማትም ተመሳሳይ ቁጥር ስለሚያመጣ ስለ ሰገራው ቀለም ይጠይቃል።

የውሃ ጥቅም ጎልቶ የሚታየው በጠጠር ላይ ነው። ካልሲየምና ኦክሳሌት በብዙ ውሃ ከቀጠኑ አይጋገሩም፤ ጠጠር ይዞት የሚያውቅ ሰው በቀን 2.5 ሊትር ያህል ሽንት እንዲኖረው የሚመከረው ለዚህ ነው። ልክ ሲያልፍ ደግሞ ይጎዳል። ኩላሊት በሰዓት ማስወጣት የሚችለው ውሃ ከአንድ ሊትር ብዙም አይዘልም። እ.ኤ.አ. በ2002 በቦስተን ማራቶን ከተመረመሩት 488 ሯጮች 13 በመቶው የደማቸው ሶዲየም ዝቅ ብሎ ተገኝቷል፤ ይህም በሩጫው ላይ ከመጠን በላይ ከመጠጣት ጋር የተያያዘ ነበር።

የሽንት ብዛት ከሁሉ በላይ የሚያታልለው ግን ኩላሊቱ እየተዳከመ ያለን ሰው ነው። የተጎዳ ኩላሊት ማጣራቱ ሲቀንስ ሽንት ማወፈርም ይሳነዋል። ሕመምተኛው በቀን ሁለት ሊትርና ከዚያ በላይ ሊሸና፣ ሌሊትም ደጋግሞ ሊነሣ ይችላል። “እየሸናሁ እኮ ነው፤ ኩላሊቴ ምን ሆነ?” ይላል። ማጣሪያው ግን በደቂቃ ከ125 ሚሊ ሊትር ወደ 20 ወርዶ፣ ዩሪያና ክሬአቲኒን በደሙ ተከማችተው ሊሆን ይችላል። ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለበት ሰው በዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ በደሙ ክሬአቲኒንን፣ በሽንቱ ፕሮቲንን ማስመርመር ያለበት የሽንቱ ብዛት ይህን ስለማይነግረው ነው።